ያውቁ ኖሯል? የልጆች ዱላ፣ የልጆች ሜዳ

ጎጃም ውስጥ ዱርቤቴ ያደገ ልጅ «የገና መጫወቻችሁ የት ነው?» ቢባል የሚያሳየው አጥር ያለው ቦታ የለም። ሜዳው የሚወለደው በታኅሣሥ ነው። ጤፉ ታጭዶ ሲከመር፣ ዳጉሳው ወደ አውድማ ሲገባ፣ ክረምቱን ሙሉ «እንዳትረግጡ!» ሲባልበት የከረመው ማሳ ለከብትና ለእረኛ ይለቀቃል። ቀኑን የሚሰጠው በዓሉ ነው፤ ሜዳውን የሚሰጠው ግን አጨዳው ነው።

ያውቁ ኖሯል? የገና በዓል ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 አይውልም። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ማግስት በሚገባው በዘመነ ዮሐንስ የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። ዱላ ያዘጋጀ ልጅ አንድ ቀን ቀደመለት ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? አባቶች ሲያወርሱን፣ የቤተልሔም እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይላሉ። ጨዋታው የእረኛ ስለመሆኑ ግን ተረክ አያስፈልገንም፤ ዱላው ራሱ ይመሰክራል። ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ የሚያገኘው ጫካ ለጫካ ከብት የሚከተል ልጅ ነው። እኔ ከመስከረም ጀምሮ አንዱን ዛፍ በዓይኔ ይዤ፣ ሌላ ልጅ እንዳይቀድመኝ ስሰጋ እከርም ነበር።

ኳሷ ሩር ትባላለች። ከእንጨት ትጠረባለች፤ ከጠፍር የምትሠራም አለች። የእንጨቷ ቅልጥም ስታገኝ ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግራ እግሬ ላይ ምልክቷ ዛሬም አለ።

ያውቁ ኖሯል? ቡድን የምንከፍልበት መንገድ አድልዎ የሌለበት ነበር። ከመካከላችን ሁለት የቡድን አባቶች ይመረጣሉ። የቀረነው በአቅም ከሚመጥነን ጋር ሁለት ሁለት ሆነን ገለል እንልና እንንሾካሾካለን፤ «አንተ ነብር ሁን፣ እኔ አንበሳ»። ተመልሰን አባቶቹ ፊት ቆመን «ነብር ወይስ አንበሳ?» እንላለን። አባቱ ማንን እንደመረጠ የሚያውቀው ስሙ ከተገለጠ በኋላ ነው። ጎበዙ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አይሄድም፤ ደካማውም «ማንም አልፈለገኝም» ብሎ አያዝንም። ከዚያ ወዲህ ብዙ የስፖርት ደንብ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ለልጅ ክብር የሚጨነቅ አላገኘሁም።

ያውቁ ኖሯል? በሌላው የዓለም ጫፍም ዱላና ኳስ ለያዙ ልጆች ደንብ ለማውጣት የተጨነቀ ሰው ነበር። ካርል ስቶትዝ ይባላል፤ አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው በፔንሲልቬንያ ግዛት የምትገኘው ዊልያምስፖርት። ለሁለት የዘመድ ልጆች ሲል ያሰበውን የቤዝቦል ሊግ ለማቋቋም የከተማውን ነጋዴዎች በር አንኳኳ። ከ50 በላይ የሚሆኑት እንቢ አሉት። በመጨረሻ አንድ የወተት ድርጅት፣ አንድ የእንጨት ነጋዴና አንድ የብስኩት ፋብሪካ እሺ ብለው ሦስት ቡድኖች ተቋቋሙ። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1939 ነበር፤ በእኛ ግንቦት 29 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ። የእንጨት ነጋዴው ቡድን 23 ለ 8 አሸነፈ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ሊትል ሊግ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የነካው ግን የመለኪያው ነገር ነው። የአዋቂዎቹ ሜዳ ከአንዱ ቤዝ (ሯጩ ከሚረግጠው ምልክት) እስከ ሌላው 90 ጫማ ነው፤ 27 ሜትር ከምናምን። ትንንሽ ልጆች ያን ያህል ሮጠው አይደርሱም። ስቶትዝ ልጆቹን ሰብስቦ ጋዜጣ በቤዝ ቦታ መሬት ላይ ዘረጋ። አስሮጣቸው። ጋዜጣውን አቀረበ፣ እንደገና አስሮጣቸው። ሯጩም ወርዋሪውም እኩል ዕድል የሚያገኙበትን ርቀት እስኪያገኝ ደጋገመው፤ ያ ርቀት 60 ጫማ ሆነ፣ 18 ሜትር ግድም። ዛሬም አልተለወጠም። ልጆቹን በሜዳው ልክ አላስረዘማቸውም፤ ሜዳውን በልጆቹ ልክ ቆረጠላቸው።

ያውቁ ኖሯል? ስቶትዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ካቋቋመው ድርጅት ጋር ተጣልቶ፣ ተካሶ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የሊጉ ትልቁ ውድድር ሲደረግበት የኖረው ሜዳ ግን ከእርሱ ጋር ቀረ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ውድድሩን ከወንዝ ማዶ ወዳለው አዲስ ስታዲየም አዛወረ።

ያውቁ ኖሯል? ሜዳ ኖሮም የተከለከሉ ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 በደቡብ ካሮላይና ከጥቁር ልጆች ቡድን ጋር አንጫወትም ብለው 61 የነጮች ሊጎች ከውድድር ወጡ። ጥቁሮቹ ልጆች «በሜዳ አሸንፋችሁ አልመጣችሁም» ተብለው ከፍጻሜው ውድድር ታገዱ፤ እንግዳ ሆነው ዊልያምስፖርት ተጋበዙ፣ አሟሟቁ፣ ከዚያም ተቀምጠው አዩ። ተመልካቹ «ይጫወቱ!» እያለ ጮኾላቸው ነበር። ሴት ልጆች ደግሞ በይፋ የተፈቀደላቸው በፍርድ ቤት ክርክር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ከአፍሪካ መጀመሪያ ለዊልያምስፖርቱ ውድድር የበቁት የኡጋንዳ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ማጣሪያውን አልፈው ሳሉ ቪዛ ተከለከሉ፤ በ2012 ከዚያው ከኡጋንዳ የሉጋዚ ልጆች ሄደው ከአሜሪካ የኦሪገን ቡድን ጋር ተጫውተው 3 ለ 2 አሸነፉ።

ያውቁ ኖሯል? ስቶትዝ በሦስት ቡድን እንደጀመረ፣ በአገራችንም የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲካሄድ ቡድኖቹ አምስት ብቻ ነበሩ፤ የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የጣሊያኖች፣ የብሪታንያ ወታደራዊ ተልዕኮ፣ እና ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የወሰዱት ብሪታንያውያኑ ናቸው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ከተጫወቱት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንትነት መሩ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙም እርሳቸው ነበሩ።

ያውቁ ኖሯል? የአዲስ አበባው ጃን ሜዳ የንጉሥ ሜዳ ማለት ነው። ጥምቀት፣ ጉግስ፣ ገና፣ አገር አቋራጭ ሩጫ፣ ሁሉንም አስተናግዷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በተራገፈበት ወራት ሯጮቹ ሜዳ አልነበራቸውም። ለ2013 ጥምቀት ተጸድቶ ተመለሰ። የተመለሰው የሚጮህለት ሕዝብ ስላለው ነው። የትንሽ ከተማ ሜዳ ሲሄድ ግን የሚጮህለት የለም፤ መጀመሪያ ችካል ይተከላል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ግቢ።

የዱርቤቴ ልጅ ትልቅ ስታዲየም ቅርቡ ባሕር ዳር አለለት፤ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ያየው ሜዳ ነው። ደስ ይላል፤ ስታዲየም ግን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ጥሎ የሚሮጥበት ቦታ አይደለም። እርሱ የሚፈልገው ሰፈሩ ውስጥ ያለ ክፍት መሬት ነው፣ የወል ግጦሽ፣ የትምህርት ቤት ጓሮ፣ ያደረ ማሳ።

ባለፈው ገና ዋዜማ ዱርቤቴ ነበርኩ። ድሮ የምንጫወትበት አካባቢ ስድስት ልጆች በሁለት አጥር መካከል በቀረች መሬት ላይ ሩር ያሳድዳሉ። ባጃጅ ሲመጣ ዱላቸውን ወደ ጎን ይዘው ይቆማሉ፣ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። ልጆቹ ውኃ ሊጠጡ ሲሄዱ ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለካኋት። 22 ሆነች፤ ስቶትዝ ጋዜጣ ዘርግቶ ያገኛትን ያህል ግድም።