የባሕር ሥር ፈጣን ባቡር፦ ወለዱን ማን ይከፍላል?

ዱባይንና ሙምባይን በባሕር ሥር በሚከንፍ ባቡር የማገናኘት ሐሳብ፣ አንድ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ካነሳው ወዲህ፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ዜና ይዞራል። መስመሩ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጉዞውም ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ይፈጃል ተብሏል። ዜናውን የሚቀባበለው ሰው የሚጠይቀው መሐንዲሶች ይችሉታል ወይ ብሎ ነው። እኔ ግን የባንኩ ጥያቄ መቅደም አለበት ባይ ነኝ። ገንዘቡ ወጪ መሆን ከጀመረበት ቀን አንስቶ የመጀመሪያው ትኬት እስኪሸጥ ድረስ የሚቆጥረውን ወለድ ማን ይሸከማል?

ለዚህ ጥያቄ እንግሊዝንና ፈረንሳይን ከሚያገናኘው ዋሻ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን 38ቱ ያህል ከባሕር በታች ነው። የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ከሕዝብ ካዝና ገንዘብ አይወጣም ብሎ ስለቆረጠ፣ ዩሮተነል የተባለው ኩባንያ በ1987 ለሕዝብ አክሲዮን ሸጦና ከ200 በላይ ባንኮች ተበድሮ ሥራውን ገፋበት። በመሬቱ በኩል ዕድል ቀንቶታል። ከባሕሩ ወለል ሥር ያለው ኖራና ሸክላ የተቀላቀለበት ለስላሳ ድንጋይ ለቁፋሮ የተመቸ፣ ውኃም እንደልብ የማያሳልፍ ነው። ያም ሆኖ ወጪው ከታቀደው 80 በመቶ ገደማ በልጦ፣ በ1985 ዋጋ ሲሰላ 4.65 ቢሊዮን ፓውንድ ደረሰ። የብድሩ ወጪ ደግሞ ከግንባታው ወጪ በባሰ ፍጥነት አሻቀበ። በ8 በመቶ ወለድ የተወሰደ 100 ዶላር ለ10 ዓመት ምንም ሳይከፈልበት ቢቆይ 216 ዶላር ይሆናል። ዋሻ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሳንቲም አያስገባም፤ እንደ መንገድ በከፊል ተከፍቶ የሚሠራበት መንገድ የለም።

በ1994 ዋሻው ሲመረቅ፣ በዩሮስታር ባቡር በዓመት ወደ 16 ሚሊዮን ሰው ይሳፈራል የሚል ትንበያ ነበር። በ1995 የተሳፈረው 3 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም። በዚያው ዓመት ዩሮተነል የአብዛኛውን ዕዳውን ወለድ መክፈል አቆመ። በ2006 ከአበዳሪዎቹ ከለላ ፍለጋ ፍርድ ቤት ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕዳው በግማሽ ገደማ ተቀነሰለት። በ1987 አክሲዮን የገዛ ሰው የመጀመሪያውን የትርፍ ድርሻ ያየው በ2009 ነው። ከእነዚህ ባለአክሲዮኖች ብዙዎቹ ቁጠባቸውን ያፈሰሱ ተራ ፈረንሳውያን መሆናቸው ዛሬም ያሳዝነኛል። ዋሻው ዛሬ ድረስ በሚገባ ይሠራል፤ የከሰሩት ገንዘባቸውን ያፈሰሱበት ሰዎች ናቸው።

ፍጥነቱ ላይ ደግሞ እናስላ። ዩሮስታር ከዋሻው ውጭ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ ዋሻው ውስጥ ግን ከ160 አያልፍም። በዚያው ሐዲድ ላይ መኪና የጫኑ ባቡሮች በ140 ስለሚሄዱ፣ ፈጣኑ ቀርፋፋውን እንዳይደርስበት በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት መተው ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ክፍተት ሊሸጥ ሲችል ያልተሸጠ ጉዞ ነው። አየሩም አለ። ባቡር ፍጥነቱን በእጥፍ ሲጨምር አየሩን ለመግፋት የሚፈልገው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ በጠባብ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሙቀቱም አለ፤ አሁን ባለው ፍጥነት እንኳን ዋሻው በቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧዎች ካልቀዘቀዘ አይሆንለትም። ዋሻውን ማስፋት መፍትሔ ነው፤ ዋጋውም አብሮ ይሰፋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍጥነቱ ወደ 320 ቢያድግ የሚተርፈው ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም። በአንጻሩ እንግሊዝ ከዋሻው አፍ እስከ ለንደን ያለውን አሮጌ መስመር ትታ በ2003 እና በ2007 በሁለት ዙር አዲስ ስትዘረጋ፣ የለንደንና የፓሪስ ጉዞ በ40 ደቂቃ ገደማ አጥሯል። ደቂቃ መግዛት ከተፈለገ በየብስ ላይ መግዛት ይረክሳል።

በባሕር ሥር የሚያልፈው የጃፓኑ ሴይካን ዋሻም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1988 የተከፈተው ይህ 54 ኪሎ ሜትር ዋሻ ፈጣኑን ሺንካንሰን ያስተናገደው በ2016 ሲሆን፣ ያኔ የተፈቀደለት ፍጥነት 140 ነበር። ከሆካይዶ ደሴት ድንችና ሽንኩርት ጭነው የሚመጡ የጭነት ባቡሮች በዚያው ዋሻ ያልፋሉ፤ ፍጥነቱ የተገደበው የፈጣኑ ባቡር ንፋስ ኮንቴይነሮቹን እንዳይነቀንቅ ተሰግቶ ነው። 260 የተፈቀደው በቅርቡ፣ ያውም ጭነት በሚቀንስባቸው የበዓል ሰሞኖች ነው።

ወደ ዱባይ ስንመለስ፣ የዓረብ ባሕር ጥልቀት በብዙ ቦታ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከወለሉ ሥር መቆፈር ስለማይታሰብ የቀረበው ሐሳብ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ቱቦ ነው። እንዲህ ያለ የባቡር ዋሻ በዓለም ላይ እስካሁን የሠራ የለም። በእንግሊዙ ዋሻ የኪሎ ሜትር ዋጋ እንኳን ቢሰላ፣ 2,000 ኪሎ ሜትር በ1985 ዋጋ ከ180 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ይወጣዋል። ተፎካካሪው በሦስት ሰዓት ገደማ የሚያደርስ አውሮፕላን ነው። በዚህ መስመር ከሚመላለሰው ሰው ብዙው ደግሞ እንጀራ ፍለጋ የሚሄድ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ሰዓት ለመቆጠብ ብሎ ውድ ትኬት አይገዛም። የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ዋና ባለሀብት የነበረበት ሃይፐርሉፕ ዋን፣ በቱቦ ውስጥ የሚበር ባቡር እሠራለሁ ብሎ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አሰባስቦ፣ በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል።

በዴንማርክና በጀርመን መካከል እየተሠራ ያለው የፌመርንቤልት ዋሻ የተሻለ ስሌት ይዟል። ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ነው፤ የባቡሩ ፍጥነት 200 ላይ ተወስኗል፤ ብድሩ የዴንማርክ መንግሥት ዋስትና ስላለው ወለዱ ዝቅተኛ ነው። ዕዳውን በአብዛኛው የሚከፍሉት በጎን ባለው መንገድ የሚያልፉ መኪኖች ናቸው። በዱባይና በሙምባይ መካከል ይህ ገቢ የለም። በዕቅዱ ውስጥ የተካተተው ነዳጅ ወደ ህንድ፣ ውኃ ወደ ኤምሬትስ የማስተላለፍ ሥራ ይቀራል፤ ነዳጁን ግን መርከቦች ዛሬም በርካሽ ያደርሱታል።