ችፌና ባለቀለሙ ከረሜላ

የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጊንጪ፣ ችፌ የያዘው ልጅ ጤና ባለሙያ ፊት ሲቀርብ እናትየው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛውን ለይታ ትመጣለች። «ያ ቀለም ያለው ከረሜላ ነው፤ ጁሱም አለበት» ትላለች። ባለሙያው ይህን ማጣጣል የለበትም። ልጁ ሌሊት ሲያክ አብራው የምታድረው እሷ ናት።

ጥርጣሬው ተፈትሿል። በ1992 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት፣ ታርትራዚን የተባለው ቢጫ የምግብ ቀለም ችፌያቸውን እንደሚያባብስባቸው ወላጆቻቸው የተናገሩላቸውን 12 ልጆች ተከታተለ። ቀለሙ መቼ እንደተሰጠ፣ መቼ እንዳልተሰጠ ወላጅም ሐኪምም አያውቅም ነበር። ከቀለሙ ጋር በየጊዜው አብሮ የሚሄድ ለውጥ የታየው በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ ቢኖር እንኳ ብርቅ ነው።

ታዲያ እናቶች ያዩት ምንድን ነው? ልጅ ከረሜላ የሚጠግበው በበዓል ነው። በዚያው ቀን አዲስ የናይለን ልብስ ይለብሳል፣ ቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ እሱም ሲሮጥ ውሎ ያልበዋል። ላብና የሚኮሰኩስ ልብስ ችፌን እንደሚቀሰቅሱ የታወቀ ነው። ገና ደግሞ የሚውለው በበጋ ነው፤ የደጋው ደረቅ ብርድ ቆዳን ይሰነጥቃል። ከዚህ ሁሉ መሃል ዓይን የሚይዘው ግን በከረሜላ የቀላው ምላስ ነው።

ከረሜላ ቢቀር የሚጎዳ የለም። የሚያሳስበው ክልከላው ወደ እንቁላልና ወተት ሲሻገር ነው። ለአንዳንድ ሕፃናት እነዚህ በእርግጥ አለርጂ ይሆኑባቸዋል፤ ያለ ምርመራ ለወራት መከልከል ግን የልጁን እድገት ይጎዳል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ማሸትም ቆዳውን ያቃጥለዋል እንጂ አያድነውም።

የሚሻለው የተጠረጠረውን አንድ ነገር ብቻ ለሁለት ሳምንት ያህል አቁሞ፣ መልሶ ሰጥቶ ማየት ነው። እስከዚያው ልጁ ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፤ ቆዳው ጨርሶ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባ፤ የታዘዘለት ቅባትም አይቋረጥ። በልቶ ወዲያው ከንፈሩ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ከሆነ ግን መልሶ መሞከር የለም፤ በፍጥነት ሆስፒታል ይሂድ።

ወላጆች ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ የጣፋጩን ማሸጊያ ይዘው ይምጡ። ታርትራዚን ኢ 102፣ ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለው ማቆያ ኢ 211 ተብለው ይጻፋሉ። በፍሬ የሚሸጠው ከረሜላ ጽሑፍ ከሌለው፣ ባለሱቁ የመጣበትን ካርቶን እንዲያሳያቸው ይጠይቁት።