በጎልማሳነት የሚመጣ ምርመራና እንደገና የሚነበብ ዕድሜ

ብሪታንያ ውስጥ ኦቲዝም እንዳለባቸው የሚነገራቸው ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2018 ድረስ 787 በመቶ መጨመሩን የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስልተዋል። ጭማሪው የበረታው በአዋቂዎችና በሴቶች ዘንድ ነው። አንዳንዱ ይህን ፋሽን ይለዋል፤ እኔ ግን የተከማቸ ውዝፍ ነው ባይ ነኝ።

ሐኪሞቹ ሊዮ ካነር በ1943፣ ሃንስ አስፐርገር በ1944 ስለ ኦቲዝም ሲያነሱ የጻፉት ስለ ልጆች፣ ያውም በአብዛኛው ስለ ወንዶች ነበር። በጊዜዋ አፏን የፈታች፣ ፈተና የምታልፍ፣ ክፍል ውስጥ የማትረብሽ ልጅ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። በ1981 እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ የአስፐርገርን ሥራ አስተዋውቃ የኦቲዝምን ወሰን አሰፋችው። በ2013 የታደሰው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር) በአንድ ሰው ላይ አብረው እንዲመዘገቡ ፈቀደ፤ የኤዲኤችዲ ምልክት መታየት ያለበትን ዕድሜም ከ7 ወደ 12 ዓመት ገፋው። አዋቂውን ወደ ምርመራ የሚያደርሰው ሌላው መንገድ ልጅ ነው፤ ለልጃቸው የተሰጣቸውን መጠይቅ የሚሞሉ ወላጆች የራሳቸውን ልጅነት እየሞሉ መሆኑ መሃል ላይ ይገባቸዋል።

ምርመራው ለትልቅ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። ኤዶስ በተባለው ምዘና አንድ የመምሪያ ኃላፊ ጽሑፍ የሌለው የሥዕል መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ እንቁራሪቶች በቅጠል ላይ ተቀምጠው በሰማይ ሲበሩ እያየ ታሪኩን መተረክ አለበት። መርማሪው አተራረኩን፣ የእጁን እንቅስቃሴ፣ ዓይኑ የሚያርፍበትን ይመዘግባል። ቀጥሎ የልጅነት ታሪክ ይጠየቃል፦ መቼ አፉን ፈታ? ከማን ጋር ይጫወት ነበር? እናቱን የቀበረ የስልሳ ዓመት ሰው ይህን ማን ይመልስለታል? ጎበዝ ቢሆንም ሐሳቡ እንደሚበተን መምህሩ የጻፈበት የድሮ ካርድ ካልጠፋ፣ እሱ ማስረጃ ይሆነዋል።

የዓይን ነገር ከተነሳ፣ ታላቅ ሰው ፊት አቀርቅሮ መናገር ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ሐበሻ ለንደን ወይም ዋሽንግተን ሲመረመር አስተዳደጉ እንደ ምልክት ሊቆጠርበት ይችላል። የባሰው ደግሞ እውነተኛው ምልክት ጨዋነት መስሎ ሲታለፍ ነው።

ውጤቱን የሰሙ ብዙዎች መጀመሪያ እፎይ ይላሉ። ሰነፍ፣ ዝርክርክ፣ ግትር፣ ኩሩ ሲያሰኛቸው የኖረው ነገር ሌላ ምክንያት አገኘ። ቁጭቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፦ የተቋረጠው ትምህርት፣ የፈረሰው ትዳር፣ ለድብርት ብቻ ሲታከሙ ያለፈው ዓመት። ቀጥሎ ሌላውን ለመምሰል የለበሱት ጭምብል ጉዳይ ይነሳል። ሌላው ሲስቅ አይቶ መሳቅ፣ ስልክ ከመደወል በፊት የሚባለውን ማጥናት፣ ከግብዣ መልስ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል መተኛት። ጥናቶች ይህን ልማድ ከድካም፣ ከድብርትና ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር አያይዘውታል፤ ስለዚህም ምክሩ «አውልቁት» ሆኗል።

እኔ ይህ ምክር ችኩል ይመስለኛል። ሠላሳ ዓመት የተለበሰ ጠባይ እንዲህ በቀላሉ አይወልቅም፤ በዚያው ጠባይ ሥራ ተይዟል፣ ጓደኛ ተገኝቷል። ከሥሩ ያልተነካ «እኔ» ተደብቋል ብሎ ከመቆፈር፣ የትኛው ልማድ እንደሚያደክም፣ የትኛውን ወዶ መያዝ እንደሚቻል መለየቱ ይሻላል። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚያን ሚልተን በ2012 በኦቲስቲክና ኦቲስቲክ ባልሆነ ሰው መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን ነው ሲል የጻፈውም ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ላይ ያቀለዋል።

አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የልጆችን ጉዳይ አደባባይ አወጣው፤ ሥራ ይዞ፣ ቤት መሥርቶ የሚኖረው ጎልማሳ ግን ዛሬም እምብዛም አይወራለትም። እንግሊዝ በ2009 ስለ ኦቲስቲክ አዋቂዎች ሕግ አውጥታለች፤ የጤና መመሪያዋም ምርመራው በ3 ወር ውስጥ እንዲጀመር ይላል። ወረፋው ግን ከዚያ እጅግ ይረዝማል። ውጤቱን የያዘ ሰው ደግሞ ወዲያው ለአለቃው ይናገር አይናገር መወሰን አለበት፤ የአገሪቱ የ2010 የእኩልነት ሕግ አሠሪው ጸጥ ያለ ቦታን ወይም በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝን የመሰለ ማስተካከያ እንዲያደርግ የሚያስገድደው ጉዳዩን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ነው።