የሚያመው የወንዱ ነው የሴቷ?

የአንዳንድ ጊንጦች መርዝ እንደ ፆታቸው ይለያያል። የምወደው ምሳሌ በቴክሳስና በሰሜን ሜክሲኮ የሚኖረው፣ ጀርባው ላይ መስመር ያለው ሴንትሩሮይደስ ቪታተስ ነው።

የዚህ ዝርያ ሴት ደልደል ያለችና ዘገምተኛ ናት፤ ሲተነኩሷት ቆማ ትናደፋለች። ቀጭኑ ወንድ ግን እግሬ አውጪኝ ይላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች፣ ተዋጊዋ እሷ ከሆነች የሚያመውም መርዝ የእሷ ይሆናል ብለው ገመቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤታቸው ግምቱን ገለበጠው! እኩል መጠን ያለው መርዝ ሲወጉ አይጦችን ይበልጥ ያሳመማቸው የወንዱ ነበር፤ ሕመም ቀስቃሽ መርዛማ ፕሮቲኖች በእሱ ውስጥ ሳይበዙ አይቀሩም። ሴቷ በአንድ ንድፊያ ብዙ መርዝ ትለቃለች፤ ይህ ግን ከግዙፍነቷ የመጣ ነው። ለሰውነት መጠን ሲመዛዘን ሁለቱም እኩል ናቸው።

ፈሪው ለምን ብርቱ መርዝ ይዞ ይዞራል? አንዱ መላ ምት ከአደን፣ ሌላው ከፍቅር ጋር ያያይዘዋል። በአንዳንድ ዝርያዎች ወንዱ ከመራባቱ በፊት ሴቷን ይነድፋታል (ሽምግልና መላክ ይሻል ነበር)።

ጊንጥ ቢነድፋችሁ ግን ፆታውን አትመርምሩ፤ ሕክምናው አንድ ነው። በተለይ የተነደፈው ሕፃን ከሆነ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።