ድንኩ የመልአክ ዓሣ፤ አመራረጡና አያያዙ

ሕይወት ያለውን ኮራልና የባሕር ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አንድ ላይ አኑሮ በቤት መመልከት በብዙ አገር የተወደደ የዕረፍት ጊዜ ሥራ ነው። ገንዳው አኳሪየም ይባላል። ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው አብዝቶ ከሚመኛቸው ዓሦች አንዱ በቀለሙ ውበት የታወቀው ድንኩ የመልአክ ዓሣ ነው። ዳሩ ግን ይህ ዓሣ ዓይንን ደስ ስላሰኘ ብቻ የሚገዛ አይደለም። ተገዝቶ ከመጣ በኋላ የሚደረግለት እንክብካቤ ሁሉ፥ አስቀድሞ በሚገባ ካልተመረጠ ከንቱ ድካም ሆኖ ሊቀር ይችላልና። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ ጥቂት እንገልጻለን።

የዓሣው ጠባይ

የመልአክ ዓሣ የሚባለው ወገን ብዙ ዓይነት አለው። ታላላቆቹ እስከ 60 ሳንቲሜትር ሲረዝሙ፥ ድንኮቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ሳንቲሜትር ብቻ ናቸው። ሊቃውንት ድንኮቹን ሴንትሮፒጅ ብለው ይጠሯቸዋል። በጉንጫቸው በኩል ወደ ኋላ የተቀሰረ ሹል እሾህ አላቸው፤ መልካቸው ከሚቀርበው ከቢራቢሮ ዓሣ የሚለዩትም በዚህ ነው። እሾሁ በመረብ እየተያዘ ዓሣውን ስለሚያቈስለው፥ ዓሣውን ከአንድ ገንዳ ወደ ሌላው ማዛወር የሚገባው በመረብ ሳይሆን በጠርሙስ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ከነውሃው እየጨለፉ ነው።

የኑሮአቸውም ሥርዓት የሚያስደንቅ ነው። ሁሉም አስቀድመው ሴት ሆነው ያድጋሉ። በአንድ ስፍራ አንድ ወንድ በብዙ ሴቶች ላይ ይሠለጥናል፤ ወንዱ የሞተ እንደ ሆነ ከሴቶቹ ታላቂቱ ወደ ወንድነት ተለውጣ ስፍራውን ትይዛለች። ይህን ማወቅ ለገዢው ይጠቅመዋል። በአካል እኩል የሆኑ ሁለት ዓሦች በጠባብ ገንዳ ቢገናኙ እስከ ሞት ሊጣሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጀማሪ የሆነ ሰው አንድ ብቻ ቢይዝ ይሻለዋል። ሁለት የሚፈልግ ሰው ግን ሰፊ ገንዳ ያዘጋጅ፤ አንዱ ትልቅ፥ ሌላው በግልጥ ያነሰ እንዲሆን አድርጎም ይምረጥ።

የትኛው ይመረጥ?

ከቅርብ ባሕር ብንጀምር፥ በቀይ ባሕር የሚኖረው ድንክ መልኩ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ከስንጥቡ በስተኋላ ጥቁር ነጥብ አለበት፤ የታች ክንፉም ጠርዝ ሰማያዊ ነው። እስከ 14 ሳንቲሜትር ስለሚደርስ ሰፊ ቦታ ይሻል። ከሶማሊያ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚገኘው ሌላው ዓይነት ግን ከፊቱና ከጀርባው ብርቱካንማ፥ ከሆዱ በኩል ጥልቅ ሰማያዊ ሲሆን፥ ከ8 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም። ከምሥራቅ አፍሪካ አንሥቶ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ድረስ የሚኖረውና «የኮራል ውበት» የተባለው ዓይነት ወይን ጠጅና ወርቅማ ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ ጠንካራ ስለ ሆነም ለጀማሪ ይመከራል። በሰላማዊ ውቅያኖስ የሚገኘው «የነበልባል ዓሣ» ደማቅ ቀይ ሆኖ በጎኑ ጥቁር መስመሮች አሉት፤ ውበቱ የበለጠ ነው፥ ዋጋውም እንደዚሁ። ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ የሆነውና ሁለንተናው ቢጫ የሆነው ዓይነት ግን ምግብ ለመልመድ የሚያስቸግሩ ስለ ሆኑ ልምድ ላላቸው ሰዎች ቢተዉ መልካም ነው።

ኮራሉና ዓሣው

ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። ድንኩ የመልአክ ዓሣ ደግሞ ከንጋት እስከ ማታ ዓለቱን እየለቀመ የሚውል ነው። ዋና ምግቡ በድንጋይ ላይ የሚበቅለው አልጌና ሰፍነግ ቢሆንም፥ ሥጋው ወፈር ያለውን ኮራልና የትልልቅ ዛጎሎችን ለስላሳ ከንፈር መንከስ ሊጀምር ይችላል። አንድ ጊዜ የተነከሰ ኮራል ይሸሸጋል፤ በየቀኑ የተነከሰ ኮራል ግን አይከፈትም፥ በመጨረሻም ይሞታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጠባዩ በዘሩ ብቻ የሚታወቅ አይደለም። ከአንድ ዓይነት ሁለት ዓሦች፥ አንዱ ለብዙ ዓመት ኮራሉን ሳይነካ ሲኖር፥ ሌላው በገባ በማግሥቱ ጥፋት ይጀምራል። ሻጩ «ይህ አይነክስም» ቢል ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። ስለዚህ የቤቱ ጌታ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ከሁለቱ አንዱን ማጣት ግድ ቢሆንብኝ የማስቀረው ኮራሉን ነው ወይስ ዓሣውን? መልሱ ኮራሉን ነው የሚል ሰው ሌላ ዓሣ ይፈልግ። ዓሣውን ከገባ በኋላ ለማውጣት ድንጋዩን ሁሉ ማፍረስ ያስፈልጋልና። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ይስማማል።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ጤናማ ዓሣ ሰው ሲቀርብ ይሸሸጋል፥ ጥቂት ቈይቶም ተመልሶ ዓለቱን ይለቅማል። ዓይኑ የጠራ፥ ክንፉ የተዘረጋ፥ ሆዱና ጀርባው ያልጐደለ፥ ገላው ነጭ ነጥብ የሌለበት መሆን አለበት። አተነፋፈሱ የፈጠነውን ወይም በማዕዘን ተወሽቆ የሚውለውን አለመግዛት ነው። ሻጩ በፊታችን እንዲያበላው መጠየቅ ነውር አይደለም። ከተቻለም ዓሣውን አይቶ ሄዶ፥ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ዳግመኛ ማየት ይበጃል።

ከየት እንደ ተያዘም መጠየቅ ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በፊሊፒንስ ባሕር ዓሣን በሳይናይድ መርዝ አደንዝዞ መያዝ ተጀመረ። መርዙ ኮራሉን ይገድላል፤ በዚህ መንገድ የተያዘውም ዓሣ ለዓይን ጤናማ መስሎ ከቈየ በኋላ ሊሞት ይችላል። በዚህ ምክንያት በመረብ የተያዘውን፥ ይልቁንም በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገውን መምረጥ የሚበልጥ ነው። የእነዚህ ዓሦች ጫጩቶች እጅግ ደቃቆች ስለ ሆኑ ለአፋቸው የሚመጥን ምግብ ማግኘት ብዙ ዘመን አስቸግሮ ነበር፤ በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ግን በሃዋይ ደሴቶች ማሳደግ ተችሏል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

ለአንድ ድንክ ቢያንስ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ፥ ብዙ ዋሻና መሸሸጊያ ያለው ዓለት ያስፈልገዋል። ገንዳው አዲስ መሆን የለበትም። ከዓሣው እዳሪ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ይህን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል መጠበቅ ይገባል፤ አልጌም በዓለቱ ላይ እስኪበቅል ብዙ ወራት ቢታገሡ ይመረጣል። የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፥ ጨውም በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ይሁን።

አዲሱ ዓሣ በቀጥታ ወደ ዋናው ገንዳ አይግባ። በሌላ ገንዳ ለብቻው ቢያንስ 4 ሳምንት ይቈይ፤ የነጭ ነጥብ በሽታ ቢታይበት በዚያው ይታከማል። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው የመዳብ መድኃኒት ኮራልን ስለሚገድል ኮራል ባለበት ውሃ ፈጽሞ አይጨመርም። ዓሣው ስፍራውን ከያዘ በኋላ ሌላውን የሚያሳድድ ስለ ሆነ፥ ከዓሦቹ ሁሉ መጨረሻ ቢገባ ሰላም ይሆናል። ምግቡም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ፥ አልጌና ሰፍነግ የተቀላቀለበት፥ አልፎ አልፎም የተከተፈ ሽሪምፕ ይሁን። የጠገበ ዓሣ ኮራል አይነክስም ማለት ባይቻልም፥ የተራበ ግን መንከሱ የማይቀር ነው።

እንደ አገሩ ጠባይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጅቡቲ ወይም በምጽዋ ሙቀት ውሃው ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ ማቀዝቀዣ ይፈለጋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃውን በብርቱ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያና፥ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ሊኖር ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንዲት በጣት ለምትለካ ዓሣ የበዛ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከሰፊው ባሕር አውጥተን በአራት መስተዋት መካከል ያኖርናት እኛ ስለ ሆንን፥ የውሃዋ፥ የምግቧና የሰላሟ ኀላፊነት በእኛ ላይ ወድቋል። ይህን ለመሸከም ያልተዘጋጀ ሰው ገንዘቡን በኪሱ፥ ዓሣዋንም በባሕሯ ቢተዋት ለሁለቱም ይሻላል።