ከነጥብ በኋላ የቀሩ አሃዞች

አሪቻ ላይ «ኤክስፖርት» ሲባል ሰው የሚያስበው ቡናን ነው። ይርጋጨፌ ወረዳ ውስጥ ያለችው የዚህች ቀበሌ ስም ባሕር ማዶ በቡና ከረጢት ላይ ይነበባል። ዛሬ ግን ከከረጢቱ ጋር ሌላ ኤክስፖርት አብሮ ይሄዳል፤ የሠንጠረዥ።

አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የአቅራቢ አርሶ አደሮቹን መዝገብ በማይክሮሶፍት አክሰስ ይዟል እንበል። አክሰስ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ የመረጃ ቋት ፕሮግራም ነው። ሠንጠረዦቹን ሁሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ፋይሉ ግን ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ስም፣ ስልክ፣ የእሸት ቡናው ኪሎ፣ የርክክብ ቀን፣ የማሳው መገኛ እዚያ ይመዘገባል። ገዢ ሲጠይቅ ይህ ሁሉ ወደ ኤክሴል፣ ወይም ሲኤስቪ ወደሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል መውጣት አለበት።

ሲወጣ ስሕተት አይጠፋም፤ ጮኾ የሚናገረው ግን ዕዳው ገብስ ነው። ፋይሉ በኤክሴል ተከፍቶ ሳለ በላዩ ለመጻፍ ከተሞከረ አክሰስ እምቢ ይላል፤ ኤክሴሉን መዝጋት ነው። ረድፉ በዛ ብሎ ከቆመም አብዛኛውን ጊዜ ሠንጠረዡ «ከነቅርጹ ይውጣ» ተብሎ ስለታዘዘ ነው፤ ያ መንገድ 65,000 ገደማ ላይ ያበቃል። ምልክቱን አንስቶ አዲሱን የኤክሴል ፋይል መምረጥ ይበቃል፤ እሱ 1,048,576 ረድፍ ይችላል። በጽሑፍ ፋይሉ ላይ የአማርኛ ስሞች የጥያቄ ምልክት ሆነው ከወጡ «አድቫንስድ» ውስጥ ገብቶ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። (የእኛ ነጠላ ሰረዝ ለማሽኑ ዓምድ የምትለየው ኮማ ስላልሆነች፣ ደግነቷ፣ ዓምድ አትሰብርም።)

የሚከፋው ዝምተኛው ነው። ቀንን እንውሰድ። መዝጋቢው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12ን «12/2/2016» ብሎ በጽሑፍ ያስገባል። ሲኤስቪው በኤክሴል ሲከፈት ይህ የፈረንጅ ቀን ተደርጎ ይወሰዳል፤ ርክክቡም ሰባት ዓመት ገደማ ወደኋላ ይሄዳል። «30/2/2016» ግን የካሌንደራቸው የካቲት 30 ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ዓምድ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ፊደል! ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ መለየት ይህን ያስቀራል።

ከሁሉ የባሰው የማሳው መገኛ ላይ ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናው የበቀለበትን ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይጠይቃል፤ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። አክሰስ ግን ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ፋይል ሲያወጣ የዊንዶውስን የቁጥር ቅንብር ይከተላልና ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዝ ብቻ ያስቀራል። 6.148273 የነበረው 6.15 ይሆናል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። የዲግሪ መቶኛ ደግሞ በዚህ አካባቢ 1.1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ120 ሄክታር በላይ ላይ የተበተኑ ማሳዎች በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ይደራረባሉ። በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር ቡና በሚለማበት፣ ማሳው ጠባብ በሆነው በጌዴኦ፣ ይህ ማለት የስንት ጎረቤት መሬት በአንድ ሰው ጓሮ ተቆለለ ማለት ነው።

መፍትሔው ሠንጠረዡን በቀጥታ አለማውጣት ነው። መጀመሪያ «ኩዌሪ» (የመረጃ መጠይቅ) ተሠርቶ መገኛው በ«ፎርማት» ተግባር «0.000000» በሚል ቅርጽ ወደ ጽሑፍ ይለወጥ፤ የሚወጣውም ኩዌሪው ይሁን። የዓምዱ የቁጥር ዓይነት ከመነሻው «ሲንግል» ከተባለ ግን ይህም አያድነውም፤ ሲንግል የሚይዘው ሰባት አሃዝ ያህል ሲሆን የጌዴኦ ኬንትሮስ በ38 ስለሚጀምር ስምንት ይፈልጋል። «ደብል» መሆን አለበት።

የወጣው ፋይል ሲፈተሽ በኖትፓድ ይከፈት። ኤክሴል ገና ሲከፍተው የስልኩን መነሻ 0 ይበላል።