ግሪሳና ካፓሲተር
መርሳ ላይ አመሻሹን የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሳ የጎረቤቱ አምፖል ፍዝዝ ብሎ ይመለሳል። ሞተር ሲነሳ ከመስመሩ የሚስበው የዘወትሩን አምስትና ስድስት እጥፍ ነው፤ አብዛኛው ግን አንዲት ፍሬ እህል አይፈጭም።

ሞተር እንዲዞር መጀመሪያ መግነጢስ መፍጠር አለበት። ለዚያ የወሰደውን ኃይል በልቶ አያስቀረውም፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ይወስዳል፣ 100 ጊዜ ይመልሳል። ሪአክቲቭ ፓወር የሚባለው ይኸው ነው። ከወልድያ መርሳ ባዶውን የሚመላለስ ሚኒባስ እንደማለት ነው፤ ሰው አልጫነም፣ መንገዱን ግን ይዟል። 10 ኪሎዋት የሚስብ ሞተር ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም መስመሩ ከሚሸከመው ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ፣ 0.8 ከሆነ መስመሩ የሚሸከመው 12.5 ኪሎቮልት አምፒር ነው። ትራንስፎርመሩ የሚግለው በዚህኛው ቁጥር ነው። በቆቦ ግራና ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ የሚስቡት የመስኖ ፓምፖችም ያው ሞተር ናቸው።

መድኃኒቱ ካፓሲተር ነው፤ ያንን ምልልስ እዚያው ሞተሩ አጠገብ ያስቀረዋል። ጭንቁ የት ይተከል፣ ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው። ከበዛ ፓምፑ ሲቆም ቮልቴጁ ከልክ ያልፋል። 20 ምሰሶ መርጠን በእያንዳንዱ ላይ ባዶ፣ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ብለን አራት አማራጭ ብንይዝ የሚወጣው ጥምረት ከአንድ ትሪሊዮን ይበልጣል። በሰከንድ አንድ ሺህ የሚፈትሽ ኮምፒውተር ወደ 35 ዓመት ይፈጅበታል።

ይህን የሚያሳጥረው አንዱ ዘዴ ከወፍ የተቀዳ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጄምስ ኬኔዲና የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ራስል ኤበርሃርት የመንጋ አበራረርን በኮምፒውተር ሲያስመስሉ ቆይተው በ1995 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ማሽላ የጠበቀ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ግሪሳ ማሳውን ሁሉ አይፈትሽም፤ ጥቂቶቹ የበሰለ ሲያገኙ ሌላው ወደዚያ ያጋድላል። በስሌቱ እያንዳንዷ «ወፍ» አንድ የካፓሲተር አተካከል ናት። በየዙሩ ራሷ ያገኘችውንና መንጋው ያገኘውን ምርጥ እያየች ትታጠፋለች። ምርጥ የሚባለው በሽቦ ላይ የሚባክነው ሲያንስ፣ ቮልቴጁም ከወሰኑ ሳይወጣ ሲቀር ነው።

ዋስትና የለውም፤ መንጋው ደህና ማሳ ላይ ሰፍሮ የተሻለውን ሊያልፍ ይችላል። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ወፎቹ አይደሉም። ስሌቱ የሚነሳው ከመስመሩ ካርታ ነው፦ የትኛው ትራንስፎርመር ከየትኛው ምሰሶ፣ ሽቦው ምን ያህል ወፍራም፣ ፓምፑ በስንት ሰዓት ይነሳል። ይህ በትክክል ካልተመዘገበ በየምሰሶው ሥር ዞሮ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ከወፍጮ ቤቱ ቢጀምር ይሻለዋል፤ አመሻሽ ላይ።